በአዳማ ዙሪያ ለንፋስ ኃይል ልማት ፕላን ማዘጋጀት፦ ከካርታው እስከ ተርባይን ማንሳት

በአዳማ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ 136 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ይዘው ሥራ ጀመሩ። ወደ አሰላ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ኢተያ አካባቢ ደግሞ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሌላ ጣቢያ ተተክሏል። የስምጥ ሸለቆው ንፋስ ጥሩ ስለሆነ ተጨማሪ ተርባይን ለመትከል ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም።

ኃይል የማመንጨት ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል ደረጃ ነው። ስለዚህ ብዙ የከተማና የወረዳ ባለሙያ "ጉዳዩ ከእኛ በላይ ነው" ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ከተርባይኑ አጠገብ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ የመዳረሻ መንገዱ ጎርፍ በየት ይውረድ፣ ድንጋይና ውሃ ከየት ይምጣ፣ ገበሬው መቼ ይነገረው የሚሉት ሁሉ እዚሁ ይወሰናሉ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ወደ ኮረብታዎቹ ስለሚጠጋ፣ ባለሀብት ሳይመጣ በፊት ተርባይንና ቤትን የሚለየውን መስመር ካርታ ላይ ማስመር የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ቢዘዋወሩ የሚበላሽ ነገር አለ።

ደረጃ 1፦ መረጃውን በአንድ ካርታ ላይ ማምጣት

የሚያስፈልጉት የከተማው መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላኖች፣ በዙሪያው ያሉ ወረዳዎች የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ፣ የከፍታ መረጃ፣ የነባር ተርባይኖች ትክክለኛ መገኛ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮችና የማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ የቴሌ ማማዎች፣ የጎርፍ መውረጃዎች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ መቃብር፣ የኦዳ ዛፍና የኢሬቻ ሥፍራዎች ናቸው። የተርባይኖቹን መገኛ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው እስኪመለስ ከሳተላይት ምስል እያነበባችሁ በጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ) ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ማማው መሬት የነካበትን ነጥብ እንጂ ጥላውን እንዳትወስዱ ብቻ ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የከተማውና የወረዳው ካርታ በተለያየ የመጋጠሚያ ሥርዓት መሠራታቸው ነው። አንዱ በአዲንዳን፣ ሌላው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ከሆነ ነጥቦቹ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋሉ። በደረጃ 3 እንደምናየው የ150 ሜትር ያህል የደኅንነት ርቀት በምታሰሉበት ሥራ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ንፋሱ ያለበትን ሸንተረር መለየት

ለመነሻ ግሎባል ዊንድ አትላስ የሚባለው ነፃ ካርታ ይበቃል። በ100 ሜትር ከፍታ ያለውን አማካይ የንፋስ ፍጥነት አውርዱና ሸንተረሮቹን ለዩ። በንፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ በሰከንድ 7 ሜትር የሚነፍስበት ቦታ 6 ሜትር ከሚነፍስበት 59 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ይዟል። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ "ለታዳሽ ኃይል" ብሎ ከማጠር ጥቂት ጥሩ ሸንተረሮችን አጥብቆ መጠበቅ ይሻላል።

አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የአምራቾች ሠንጠረዥ የሚሠራው በኪዩብ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም በሚመዝን አየር ሲሆን እዚህ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህን ሳያስተካክል የቀረበ የኃይል ግምት እስከ 20 በመቶ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። አልሚው ባቀረበው ሰነድ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር ይሄ ይሁን። ቀጥሎ የንፋስ መለኪያ ማማውን እዩ፦ ቢያንስ የ12 ወር መረጃ፣ ቢያንስ በሦስት ከፍታዎች የተለካ፣ ከተርባይኑ ማማ ከፍታ ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ። ኮረብታማ ቦታ ላይ አንድ ማማ ለአሥር ኪሎ ሜትር ሸንተረር አይወክልም።

ንፋሱ በበጋ ወራት በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብም ይነፍሳል። የበጋው ንፋስ የሚበረታው ግድቦች በሚጎድሉበት ወቅት መሆኑ ለአገሪቱ ጥሩ ነው። ለፕላን ባለሙያው ግን አቅጣጫው ሌላ ትርጉም አለው። ንፋሱ ከሚመጣበት ወገን የቆመ ሕንፃ ወይም የባሕር ዛፍ ተክል የሚያውከው አየር ወደ ላይ የራሱን ቁመት እጥፍ፣ ወደ ኋላ ሃያ እጥፍ ያህል ይደርሳል። 15 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ 30 ሜትር ከፍታና 300 ሜትር ርዝመት ያለው ውዥንብር ይፈጥራል ማለት ነው። ማማው 65 ሜትር፣ የክንፎቹ ክብ (ከዳር እስከ ዳር) 77 ሜትር የሆነ ተርባይን ደግሞ ክንፉ እስከ 26 ሜትር ዝቅ ይላል። ሸንተረሩ ከሕንፃው በጣም ከፍ ካለ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ተዳፋቱ ለዘብ ባለበት ግን በሰሜን ምሥራቅ ወገን የሕንፃ ከፍታ ገደብ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ፈቃድም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ ርቀቶቹን ማስላት

አንድ ርቀት ለሁሉም አይሠራም። ቢያንስ ሦስት መስመር ይሰመራል።

የመጀመሪያው የመውደቅና የክንፍ መፈናጠር መስመር ነው። የማማው ቁመት ከክንፎቹ ክብ ግማሽ ጋር ተደምሮ በ1.5 ይባዛል። 65 ሲደመር 38.5 ወደ 104 ሜትር ይመጣል፤ በ1.5 ሲባዛ 155 ሜትር። በዚህ ክበብ ውስጥ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ዋና መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አይገባም። እርሻና ግጦሽ ይቻላል።

ሁለተኛው የድምፅ መስመር ነው። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። ለአንድ ተርባይን ግምቱን በካልኩሌተር መሥራት ይቻላል፦ ከአምራቹ ሰነድ ላይ ካለው የድምፅ ኃይል 8 ቀንሱ፣ ከዚያ የርቀቱን ሎጋሪዝም በ20 አባዝታችሁ ቀንሱ። 104 ዴሲቤል የሚያወጣ ተርባይን በ350 ሜትር ላይ 45፣ በ500 ሜትር ላይ 42 ያህል ይሰጣል፤ አየሩ የሚውጠው ሲታሰብ ደግሞ ከዚህም ሁለት ገደማ ይቀንሳል። ወጥመዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። እኩል ርቀት ላይ ሁለት ተርባይን ካለ 3 ዴሲቤል ይጨመራል፣ አራት ካለ 6። ስለዚህ ለአንዱ የሚበቃው 350 ሜትር ለመንጋው አይበቃም። በመደዳ ለቆሙ ተርባይኖች ከ500 ሜትር በታች ቤት አትፍቀዱ የሚለው የእኛ ምክር ነው፤ ከዚያ በታች ልውረድ የሚል በሶፍትዌር የተሠራ የድምፅ ካርታ ያምጣ። በተለይ በገጠር ሌሊቱ እጅግ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሕጉን ያከበረ ድምፅም እንቅልፍ ይነሳል።

ሦስተኛው የጥላ ብልጭታ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከክንፎቹ ጀርባ ስትሆን ቤት ውስጥ ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቀ ሲያስቸግር ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት በከፋ ግምት ቢሆን በዓመት ከ30 ሰዓት፣ በቀን ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። የሚፈተሸው እስከ ክንፎቹ ክብ አሥር እጥፍ ድረስ ነው፤ ለ77 ሜትር ክብ 770 ሜትር። ከአውሮፓ የተቀዱ ሰነዶች ብዙ ጊዜ ከተርባይኑ በስተ ሰሜን ያሉ ቤቶች ላይ ያተኩራሉ። አዳማ ግን 8.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቶሎ ወደ አናት ትወጣለች። ረጅሙ ጥላ የሚጣለው ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ፣ ከቀጥታው መስመር ግራና ቀኝ 24 ዲግሪ ገደማ በሚሰፋ ማራገቢያ ቅርጽ ነው። በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ ራቅ ብሎ ያለ ቤት ችግሩ አይነካውም። ክበብ ካሰመራችሁ ያለ ምክንያት መሬት ትከለክላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እነዚህን ሁሉ ለነባሩ ተርባይን ብቻ ካሰላችሁ ፕላኑ አሥር ዓመት አይቆይም። የንፋስ ተርባይን ዕድሜ 20 ዓመት ገደማ ነው፤ የአዳማ አንድ 20 ዓመት በ2024 ዓ.ም. ይሞላል። በምትካቸው የሚመጡት ያነሱ ግን ግዙፍ ይሆናሉ። ኢተያ አካባቢ የተተከሉት የክንፋቸው ክብ 132 ሜትር፣ አቅማቸው በአንዱ 3 ሜጋ ዋት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ንፋሱን በጎኑ የሚቀበል ሸንተረር ውሰዱ። በተርባይኖች መካከል የክቡን ሦስት እጥፍ ብንተው የ77 ሜትሮቹ 9 ይሆናሉ፣ 13.5 ሜጋ ዋት። የ132ቶቹ 6 ይሆናሉ፣ ከ20 ሜጋ ዋት በላይ። መሬቱ ያው፣ ማማው ያነሰ፣ ኃይሉ የበለጠ። ግን የጫፋቸው ከፍታ 150 ሜትር ቢሆን የመውደቅ መስመሩ 225 ሜትር፣ የጥላው 1,320 ሜትር ይደርሳል። በመካከሉ ሰፈር ከገባ ያ ዕድል ተዘጋ። ስለዚህ ርቀቱን ለሚመጣው ተርባይን አስሉ።

ደረጃ 4፦ መስመሩን ሕጋዊ ማድረግ

ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻውን ማንንም አያስቆምም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት በመዋቅራዊ ፕላኑ ውስጥ እንደ መሬት አጠቃቀም ዓይነት መግባትና መጽደቅ አለበት፤ ከከተማ ክልል ውጭ ያለው ደግሞ በወረዳው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ውስጥ። ወሰኑ በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል የሚያልፍ ከሆነ በጋራ ቃለ ጉባኤ ይፈረም። አለበለዚያ ከተማው የከለከለውን ወረዳው ይፈቅዳል፣ ወይም ተገላቢጦሽ።

በቀጠናው ውስጥ ምን እንደሚፈቀድ በግልጽ ጻፉ። "አረንጓዴ ቦታ" የሚል ደረቅ ስያሜ የጨረቃ ቤት ይጋብዛል፤ ባለቤት የሌለው ስለሚመስል። በምትኩ እርሻ፣ ግጦሽ፣ ንብ ማነብ፣ ቁጥቋጦና ፍራፍሬ፣ የእርከን ሥራ ብላችሁ ነባሩ ገበሬ በይዞታ ማረጋገጫው እንዲቀጥል አድርጉ። መሬቱን የሚያርሰው ሰው እያለ ሌላ ሰው ቆርቆሮ አይመታበትም። ድንጋይ ማውጫ ግን በፍንዳታ ምክንያት ከመሠረቶቹ መራቅ አለበት።

በመጨረሻም መስመሩን መሬት ላይ አውርዱት፦ በየ100 ሜትሩና በየመታጠፊያው ቁጥር ያለው የሲሚንቶ ችካል፤ ቁጥሩና ጂፒኤሱ ለቀበሌው ይሰጥ። በየሦስት ወሩ አንድ የሳተላይት ምስል ማየትም ከደንብ አስከባሪ ዙረት ርካሽ ነው። መሠረት የተቆፈረበትን ቤት ማስቆም ቀላል ነው፤ ቤተሰብ ከገባ በኋላ ግን ጉዳዩ የፕላን ሳይሆን የፖለቲካ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን መመርመር

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያለ ግምገማ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይደነግጋል፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዝዛል። ውሳኔው በፌዴራል ቢሰጥም የአካባቢው ባለሙያ አስተያየት በጽሑፍ ካልገባ ያልተባለ ያህል ነው። ሪፖርቱን ሙሉ ማንበብ ካልቻላችሁ በጎርፍና በአዕዋፍ ላይ አትለፉ።

ስለ ጎርፍ። ዝናብ በጣለ ቁጥር በዙሪያው ካሉ ኮረብታዎች የሚወርደውን ውሃ አዳማ ታውቀዋለች። የአካባቢው አፈር ቀላል፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ በውሃ ቶሎ የሚሸረሸር ነው። 5 ሜትር ስፋትና 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የመዳረሻ መንገድ አንድ ሄክታር የተጠቀጠቀ መሬት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 500 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይቀበላል፤ አብዛኛው አይሰርግም። ይህ ውሃ በአንድ ቱቦ ከተለቀቀ ከታች ያለው ማሳ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የመንገዱን ቦይ ዲዛይን ጠይቁ፦ በተዳፋት ላይ በየ30 እስከ 50 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ፣ መጨረሻው በድንጋይ የተነጠፈ፣ ከዚያ ወደ ነባር እርከን ወይም ወደ ማቆሪያ ጉድጓድ የሚገባ። ቁልቁለቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ለጎርፉም ለጭነት መኪናውም ይጠቅማል። የእርከንና የቦይ ሥራው ከግንቦት በፊት ካላለቀ የመንገድ ቆረጣ አይጀመር የሚል ሁኔታ አስገቡ። ኮንትራክተሮች ይህን ሥራ ለመጨረሻ ማቆየት ይወዳሉ፤ ክረምቱ ግን አይጠብቃቸውም።

ስለ አዕዋፍ። ስምጥ ሸለቆ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ሽመላዎች የሚያልፉበት መስመር ነው። በመስከረምና በኅዳር መካከል ይመጣሉ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመለሳሉ። የቆቃ ሐይቅም ቅርብ ነው። በአንድ ጉብኝት የተሠራ የወፍ ጥናት ከሆነ መልሱት። ተቀባይነት ያለው አሠራር በየወቅቱ፣ ከእያንዳንዱ የመመልከቻ ነጥብ፣ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ርቀት እየታየ ቢያንስ 36 ሰዓት መቁጠር ነው። ጥንብ አንሳዎች ወደ ተርባይኖቹ ቀርበው የሚሞቱት በአቅራቢያው ምግብ ስላለ ነውና ከተማው የራሱን ድርሻ ይወጣ፦ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ከተርባይኖቹ ይራቁ፤ በቀጠናው የሞተ ከብት በዕለቱ ይቀበር። ለሌሊት ወፍ ደግሞ ተርባይኑ መሥራት የሚጀምርበትን የንፋስ ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ወደ 5 ሜትር ገደማ ከፍ ማድረግ ሞቱን በግማሽ ያህል ሲቀንስ የሚጠፋው ኃይል ግን ትንሽ ነው።

መሬቱ ራሱም ይጠየቅ። አዳማ ያለችው በወንጂ ስንጥቅ መስመር ላይ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ከክረምት በኋላ የመሬት መሰንጠቅ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተርባይን ቢያንስ አንድ የምርመራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ "ተመሳሳይ አፈር" ተብሎ ከጎረቤቱ የተቀዳ ውጤት አይበቃም።

ደረጃ 6፦ መሬትና ካሳ

የ1.5 ሜጋ ዋት ተርባይን መሠረት 16 እስከ 18 ሜትር ስፋት አለው፤ አብዛኛው ተቀብሮ ይቀራል። የክሬን መቆሚያው 1,000 ካሬ ሜትር፣ የራሱ መንገድ 1,500 ካሬ ሜትር ቢሆን በጠቅላላ ሩብ ሄክታር፣ አንድ ጥማድ ያህል ነው። ችግሩ የሚመጣው ቋሚውና ጊዜያዊው ሲደባለቁ ነው። የኬብል ጉድጓድ፣ የክንፍ ማስቀመጫና የካምፕ ቦታ ጊዜያዊ ናቸው፤ ገበሬው መልሶ ይረከባቸዋል። በሁለት የተለያየ ቀለም በካርታ ላይ ይለዩ፣ ለየብቻ ይለኩ፣ ለየብቻ ይፈረም።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለቋሚ ተነሺ የገጠር ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግም ይጠይቃል። ቅሬታ ያለው ሰው ትዕዛዙ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ይህን ቀን በደብዳቤው ላይ በጉልህ ጻፉት። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የቅርቡን ጽሑፍና የክልሉን መመሪያ ያዙ። ስብሰባው በአፋን ኦሮሞ ይካሄድ፣ ቃለ ጉባኤው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይያዝ፤ አባ ገዳዎች፣ ሽማግሌዎችና ሴት ባለይዞታዎች በስም ይጠሩ። ሚስቶች ያልተገኙበት ስብሰባ ጉዳይ በኋላ በፍርድ ቤት እንደገና ይከፈታል።

አንድ ነገር በግልጽ ንገሩ፦ ተርባይኑ በመንደሩ ስለቆመ መንደሩ መብራት አያገኝም። ኃይሉ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ብሔራዊ መረቡ ይገባል፤ ለመንደር ማከፋፈል ሌላ ትራንስፎርመርና የሌላ ተቋም በጀት ይፈልጋል። ይህ በመጀመሪያው ስብሰባ ካልተነገረ ቂሙ 20 ዓመት ይኖራል። የመንደር መስመር ዝርጋታ እንደ ግዴታ እንዲገባ የሚፈለግ ከሆነ ከነትራንስፎርመሩ ብዛት በውሉ ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 7፦ በግንባታ ወቅት

37 ሜትር ክንፍ የጫነ ተሽከርካሪ ከጅቡቲ ሲመጣ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ የ132ቱ ክንፍ ደግሞ ከ60 ሜትር ያልፋል። መንገዱን አልሚው ቀድሞ በመኪና ለክቶ የሚነሱ ምሰሶዎችን ይዘርዝር፤ ጉዞው ከገበያ ቀንና ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ውጭ ይሁን። የላዩ አፈር 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተገፎ ለብቻው ይከመር፣ ክምሩ ከ2 ሜትር አይብለጥ፣ መጨረሻ ላይ ይመለስ። የተጠቀጠቀው ጊዜያዊ ቦታ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ካልታረሰ ጤፍ አይይዝም። ለአቧራ የሚረጨው ውሃ ከመንደር ቦኖ አይቀዳ። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የከፍታ ፈቃድ ሳይታይ መሠረት አይሞላ።

ደረጃ 8፦ ከሥራ ጅማሮ በኋላና ማንሳት

በቀበሌው አንድ የቅሬታ መዝገብ ይቀመጥ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የንፋስ አቅጣጫ፣ የተርባይን ቁጥር። "ሌሊት ይጮኻል" የሚለውን ለመመርመር እነዚህ አራቱ ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነሱ ልኬት የሚወሰደው ንፋስ በሌለበት ቀን ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በተርባይኖቹ ሥር የወደቁ ወፎች በመደበኛ ቀን ይቆጠሩ፤ ጅብና ውሻ ቀድመው ስለሚያነሱ ቆጠራው ጠዋት ይሁን።

አሮጌ ተርባይን ስለ ማንሳት የሚጻፈው በፈቃዱ ጊዜ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ማማው ብረት ስለሆነ ገዢ አያጣም፣ መዳቡም እንዲሁ። ክንፎቹ ግን ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ የተሠሩ ስለሆኑ ቀልጠው አይሠሩም፣ በአዳማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥም ቦታ የላቸውም። የሚሄዱበት ቦታና ወጪውን የሚሸፍነው ይታወቅ። መሠረቱ ቢያንስ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ተሰብሮ ይውጣ፣ አፈር ይልበስ። ነባሩ መሠረት ለትልቁ ተርባይን ስለማይሸከም አዲሱ የሚቆመው ከጎኑ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ሳያነሱ አዲስ ጉድጓድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሲመጣ፣ ከካርታው ጋር የማንሻ መርሐ ግብሩ ተያይዞ ካልቀረበ አይከፈት።